ከስንዴ ቀጥሎ

«አይ፣ የራሴ ፈጠራ ነው፤ ማንም አላሳየኝም» አለች አስካለች፣ ከኮምፔንሳቶው ማዶ ሆና በስልክ።

ፍቅርተማርያም የልጇን ፀጉር እየጎነጎነች ነበር። ልዕልት «እማ፣ አሳመምሽኝ» እስክትላት ድረስ ጉንጉኑን ጨምድዳ መያዟን አላወቀችም። ሁለቱን ክፍል የሚለየው ነገር ግድግዳ ለመባል አይበቃም፤ አማቷ እማማ የሺሐረግ ወንድ ልጃቸው ሚስት ባገባ ሰሞን አንዱን ሳሎን ለሁለት የከፈሉበት፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የኮምፔንሳቶ ሳንቃ ነው። በዚያ በኩል ያስነጠሰ ሰው በዚህ በኩል ይማርህ ይባላል። ከዚህ ወገን ፍቅርተና ባሏ ከነልጃቸው፣ ከዚያ ወገን እማማ የሺሐረግና ባሏን ፈትታ የተመለሰችው ታላቅ ልጃቸው አስካለች ይኖራሉ። ሁሉም የሰሙትን እንዳልሰሙ መሆን ከለመዱ ቆይተዋል።

«አዎ ወይዘሮ ብዙወርቅ» ቀጠለች አስካለች። «ጤፍና ሽምብራ ነው። ድንቹ ነው የሚያያይዘው። ስንዴ የለው፣ እንቁላል የለው፣ ወተት የለው፤ የጾም ነው ቢሉት ይቀላል። አለርጂ ያለባቸውም ልጆች እንደ ልባቸው ይበሉታል። ማን? የወንድሜ ሚስት? እሷማ እኔ ስሠራ እያየች ለልጇ ትሞካክራለች።» ሳቀች። የምትስቀው ሰው እንደሚሰማት እያወቀች ነው።

ወይዘሮ ብዙወርቅ ልዕልት የምትማርበት መዋዕለ ሕፃናት ርእሰ መምህርት ናቸው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የገና የወላጆች ዝግጅት አለ። ለሦስቱ ክፍሎች በየሳምንቱ መክሰስ የሚያቀርበውን ሰው በዚያው ዝግጅት ላይ እንደሚያስተዋውቁ በቴሌግራም ጽፈው ነበር። ፍቅርተ ማመልከቻዋን ካስገባች ሁለት ሳምንት ሆኗታል። መልስ ያልመጣላት ለምን እንደሆነ አሁን ገባት።

«ሰማህ?» አለችው ባሏን፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ።

ሀብተሚካኤል ጫማውን ለማሰር አጎንብሷል። ሁለት ጫማ ማሰር የማይወስደውን ጊዜ ወሰደ። «እህቴ እኮ ናት» አለ ቀና ሳይል። «በበዓል ሰሞን አታጣዪን በናትሽ። ልጅቷን አምጪያት፣ እኔ አደርሳታለሁ።»

መክሰሱ የፍቅርተ ነው። ስም እንኳ አላወጣችለትም፤ የጣት ርዝመት ስላለው ልዕልት «ጣቴ» ትለዋለች። አሥራ አንድ ወር ፈጅቶባታል። ጤፉ ብቻውን ሲሆን ይፈረካከሳል፤ ሽምብራው ሲበዛ ያንቃል፤ ድንቹ ሲበዛ ደግሞ ሁለት ቀን ሳያድር ይሻግታል። በኬሚስትሪ ተመርቃ ሦስት ዓመት የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ስትቆም ከርማ፣ የተማረችው ነገር መጨረሻ ላይ ያገለገላት አንድ ትንሽ ኦቨንና አንድ የወጥ ቤት ሚዛን ፊት ነው። እንደ ዳቦ ቆሎ ድብልብል አድርጋ ያልቆረጠችው አስባበት ነው፤ መንጋጋ ያላበቀለ ሕፃን ድብልብልና ጠጣር ነገር ጉሮሮው ላይ ይሰነቀርበታል። ስለዚህ ረዘም ያለ፣ ለስለስ ያለ፣ ከጨውና ከነጭ አዝሙድ በቀር ምንም ያልገባበት። አስካለች ይህን ሁሉ ያወቀችው «ላግዝሽ» ብላ ሁለት ሳምንት አጠገቧ ተቀምጣ ድንች በመላጥ ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ትተወው ነበር። ያልተወችው ያምናውን ገና ነው። ያኔ ልዕልት ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ሐኪሙ ስንዴና እንቁላል በአፏ እንዳይዞር ካለ ወር አልሞላም። አስካለች «የፈረንጅ በሽታ ነው»፣ «አለርጂ ሳይሆን የእናቷ ስስት ነው» ስትል ሰንብታ፣ ፍቅርተ ውሃ ልትቀዳ ግቢ በወጣችበት ከድፎው ቆርሳ ልጅቷን አጎረሰቻት፤ «እስቲ ምን እንደምትሆን እንይ» ብላ። የሆነችውን አዩ። ከንፈሯ አብጦ፣ ትንፋሿ እያፏጨ፣ መንገደኛ መኪና ተለምኖ ነው ጤና ጣቢያ የደረሰችው። አስካለች ይቅርታ አላለችም። «ዓይን ነው፤ ጸበል ውሰጃት» አለች። እማማ የሺሐረግም «ለክፋት ብላ አይደለም» ብለው ነገሩን ዘጉት። ፍቅርተ አልዘጋችውም። ዓመቱን ሙሉ በሳንቃው ማዶ አስካለች ስትስቅ፣ ስትዘፍን፣ በስልክ ስታወራ፣ ከድምፅዋ በታች ያንን ፉጨት ትሰማ ነበር።

ወፍጮ ቤቱ ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ ማዶ፣ ከብየዳ ቤቶቹ ጎን ነው። ፍቅርተ ሁልጊዜ በሩ ሲከፈት የምትደርስበት ምክንያት አላት። የበርበሬና የሽሮው ድንጋይ ለብቻው ነው፤ ጤፍና ስንዴ ግን በአንድ ድንጋይ ይፈጫሉ። ስለዚህ ሁለት ኪሎ ማሽላ ይዛ ትመጣለች። ማሽላው ቀድሞ ይገባል፣ በድንጋዩ ጥርስ ውስጥ ያደረውን የስንዴ ዱቄት ጠራርጎ ይወጣል፣ የእሷ ጤፍ ከዚያ በኋላ ይወርዳል። የማሽላው ዱቄት ለባለ ወፍጮው ለጋሽ ለሜሳ ዶሮዎች ይሆናል። ጤፍ በኪሎ መቶ ሰባ ብር በገባበት ጊዜ እህል አስፈጭቶ ለዶሮ መስጠት ለሰፈሩ መሳቂያ ሆኖ ከርሟል። እሷ ለማንም አስረድታ አታውቅም፤ መሳቃቸውን ትመርጣለች። አስካለችም ያየችው ወደ ቤት የሚገባውን ዱቄት እንጂ ወፍጮ ቤት የሚቀረውን አይደለም።

«ዛሬስ አረፈድሽ» አሉ ጋሽ ለሜሳ፣ እስከ ቅንድባቸው ዱቄት ለብሰው። «ደግነቱ የበዓል ስንዴ ይዘው የሚመጡት ገና አልተነሡም። አምጪ የዶሮዎቼን ቀለብ።»

«እንዴት አደሩ ጋሼ። አልወፈሩም እንዴ እስካሁን?»

«ከእኔ ይሻላሉ።» ማሽላውን ገለበጡት፤ ሞተሩ ማጓራት ጀመረና በጩኸት ማውራት ግድ ሆነባቸው። «የእናንተ ቤት ሰው ግን ይገርመኛል! አንዷ ድንጋዩን እህል ታበላለች፣ አንዷ ተራ እንኳ አትጠብቅ! ያቺ የባልሽ እህት ትናንት ከሰዓት አሥር ኪሎ ጤፍ ይዛ መጣች፤ ሽምብራም ነበራት። ‹ማሽላሽስ?› ብላት ‹የምን ማሽላ?› ብላ ሳቀችብኝ። ስንዴ እየወረደ ነበር፤ ከስንዴው ቀጥሎ፣ ድንጋዩ ሳይበርድ ገለበጥኩላት።»

«ሳይጠረግ?»

«ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ነበር እኮ ልጄ! ማን ቆሞ ያስጠርገኛል?»

ፍቅርተ የተሰማት ደስታ ነው። ሌላ ስም ልትሰጠው አልሞከረችም። ሆዷ ውስጥ እንደ ትኩስ ሻይ ወረደ። ጤፏን አስፈጭታ፣ ከፍላ፣ ጆንያውን በትከሻዋ አድርጋ ወጣች። ከቃሊቲ የሚመጡት ከባድ መኪኖች አቧራውን እያስነሡ በሚያልፉበት የመንገድ ዳር ቆማ ስልኳን አወጣች። ዳሲቱ የሚለው ስም ከላይ ነበር። ዳሲቱ አሁን ኮንዶሚኒየም በበቀለበት የድሮ የገበሬ መንደር የተወለደች፣ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራ ሴት ናት። የሦስት ዓመቷ ልጇ ጋዲሴ እንደ ልዕልት ስንዴ አይስማማትም፤ በመዋዕለ ሕፃናቱ ከሁለቱ በቀር እንዲህ ያለ ልጅ የለም። የተዋወቁትም በዚሁ ነው። ልዕልት ከእናቷ እጅ ካልሆነ ከማንም ተቀብላ አትበላም፤ ያምናው ገና አስተምሯታል። ጋዲሴ ግን የሰጧትን ትጎርሳለች።

ጣቷ ስሙ ላይ አረፈ። ከዚያ ቀጥሎ የሚሆነውን ሁሉ እንደ ቀመር ዘረዘረችው። ዳሲቱ ለርእሰ መምህርቷ ትደውላለች፣ ርእሰ መምህርቷ ለአስካለች። አስካለች ትንሽ ታለቅሳለች። እማማ የሺሐረግ «ቅናት ነው» ይላሉ፣ ሀብተሚካኤል ምንም አይልም። በሚቀጥለው ሳምንት አስካለች ሁለት ኪሎ ማሽላ ይዛ ወፍጮ ቤት ትሰለፋለች። በሌላ አነጋገር የጎደላትን የመጨረሻ ነገር ራሷ ፍቅርተ ሞላችላት ማለት ነው። አይሆንም። በሰው ሁሉ ፊት ይሁን፤ ማይክ ይዛ ስትኩራራ ይሁን። እኔ እዚያው አይደለሁ፣ አለች በልቧ። ከጋዲሴ አጠገብ እቆማለሁ። እጇን እይዛለሁ። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

እኩለ ቀን ላይ የእማማ የሺሐረግ ክፍል ጎረቤት ቤት ተጋግሮ በመጣ ትሪ ተሞልቶ ጠበቃት። አልጋው ላይ ትሪ፣ ቴሌቪዥኑ አናት ላይ ትሪ፣ የሶፋው መደገፊያ ላይ ሳይቀር ትሪ። ፓኬቶቹ በነጭ ሪባን ታስረው፣ በቀለም የታተመ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል፦ «የአስካለች የሕፃናት መክሰስ፣ ከስንዴ ነጻ»፤ ዋጋው ስልሳ ብር። ፍቅርተ አንዱን ከትሪው አንሥታ ሰበረችው። አልተፈረካከሰም። ሥራው ጥሩ ነበር፤ ያ ደግሞ ይብሱን አናደዳት።

«ቅመሺው እንጂ፣ ምን ታሸቺዋለሽ?» አለች አስካለች፣ የሀበሻ ቀሚሷን እየተኮሰች። «አንቺ ላብራቶሪ አድርገሽ ዓመት የተጎለትሽበትን እኔ በሳምንት ጨረስኩት። ዲግሪ ቢኖረኝ ደግሞ አስቢው!»

«ዱቄቱ እንዴት ነው?»

«ምን ይሆናል? ጤፍ ጤፍ ነው።»

«አንድ ቤት ናችሁ» አሉ እማማ የሺሐረግ ከሶፋቸው ሆነው፣ ሁለቱንም ሳያዩ። «አብራችሁ ብትሠሩት ምናለበት?»

«እኔ ምን አልኩ እማዬ? እሷ ናት የምታኮርፈው።»

ምሳ ቀረበ። የጾም ምስር ወጥ ነበር። ሦስቱ ሴቶች በትሪዎቹ መሀል ተጣበው፣ ማንም ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ በሉ። ፍቅርተ እዚያው ልትናገረው ትችል ነበር፤ አማቷ አፍ አውጥተው መንገዱን ጠርገውላታል። ይልቁንም ሳህኑን አነሣች፣ አጠበች፣ ከሁሉ የከበዱትን ሁለት ትሪዎች ተሸክማ በር ላይ እስከቆመው ባጃጅ ወሰደችላት። «ተባረኪ» አሏት እማማ የሺሐረግ። አስካለች ግን ግራ ተጋብታ አየቻት። ቀጥላ ደግሞ ደስ ያላት መሰለች፤ ባጃጁ ውስጥ ትንሽ ጠጋ ብላ «ነይ፣ እዚህ ጋ ትቀመጫለሽ» አለቻት። ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው፣ በየጉድጓዱ ሲነጥሩ ትሪዎቹን አብረው እየደገፉ ሄዱ።

በመዋዕለ ሕፃናቱ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ስፒከሩ ያምባርቃል፣ ሕፃናቱ በወረቀት ኮከብ አጊጠው ይሯሯጣሉ፣ እናቶች በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደርድረው የበዓሉን ዶሮ ዋጋ ይረግማሉ። ዳሲቱ ከፈረቃዋ አስፈቅዳ፣ የፋብሪካውን ሰማያዊ ጋዋን እንደለበሰች መጥታለች። ጋዲሴን ጭኗ ላይ አስቀምጣታለች።

«ፍቅርተ! ነይ እዚህ» አለቻት ወንበር እየሳበችላት። «እሰይ፣ ዛሬ የእናንተ ቤት ነው አሉ የሚያቀርበው። እኔ ምንም ሳልይዝላት መጣሁ እኮ። አንድ ቀን እንኳ እንደ ልጆቹ ትብላልኝ።»

ፍቅርተ አልተቀመጠችም። ከወንበሩ ኋላ ቆመች። «ንግግሩ እስኪያልቅ ምንም አትስጪያት» አለች።

«ምነው?»

«ትንሽ ጠብቂ ብቻ።»

ዳሲቱ ሳቀች። «ለእሷ ንገሪያት» አለች የልጇን ሆድ እየኮረኮረች።

ወይዘሮ ብዙወርቅ ስለ ሕፃናት አመጋገብ ረጅም ነገር ተናገሩ። መምህራኑ በዚያው መሀል ሳህን እየያዙ በየወንበሩ ማደል ጀመሩ። ከዚያ ማይኩ ለአስካለች ተሰጠ። አስካለች ያምርባታል፤ ቀሚሷ፣ ጥልፏ፣ አነጋገሯ። «የቤተሰባችን ልጅ ስትታመም አይቼ» አለች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «እንቅልፍ አጥቼ የፈጠርኩት ነው። ከስንዴ ነጻ መሆኑን በራሴ እጅ አረጋግጣለሁ።» ጭብጨባ ሆነ። ፍቅርተ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀች። ጸጥታ ያስፈልጋት ነበር።

«አስኩ» አለች ጮክ ብላ። «ጤፉን የት አስፈጨሽው?»

አስካለች ፈገግታዋ አልጠፋም። «ጋሽ ለሜሳ ጋ ነዋ። ሌላ የት ይሄዳል?»

«መቼ?»

«ትናንት ከሰዓት።»

«ከማን ቀጥሎ?»

መልስ የሰጠችው አስካለች አይደለችም። ከመሀል የተቀመጠች ወፍራም ሴትዮ ናት። «ውይ! ከእኔ ቀጥሎ ነዋ። ሃያ ኪሎ ስንዴ ለድፎ አስፈጭቼ ስወጣ ነው የገባችው።» ወዲያው ሌላዋ «እኔም ስንዴ ነበር የያዝኩት» አለች። ሦስተኛዋ ወደ ሳህኗ አየች። ሁሉም የዚያ ወፍጮ ደንበኛ ናቸው፤ ስንዴ ከወረደበት ድንጋይ ምን ተከትሎ እንደሚወጣ ለማንኛቸውም ማስረዳት አላስፈለገም። ማጉረምረሙ ከፊት ወደ ኋላ ሄዶ ተመለሰ። ወይዘሮ ብዙወርቅ ማይኩን ከአስካለች እጅ ወሰዱ። የአስካለች ፊት ላይ መጀመሪያ አለመረዳት፣ ቀጥሎ መረዳት ሲመጣ ፍቅርተ አንድም ነገር እንዳያመልጣት ዓይኗን ሳትነቅል አየች።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ይበቃ ነበር። በእቅዱ መሠረት አሁን ዘወር ብላ የጋዲሴን እጅ መያዝ ነበረባት። ግን ዓመት ሙሉ ያደረ ነገር አፏ ላይ ደርሷል፤ እንዲህ ያለ ጸጥታ ደግሞ ሁለተኛ አታገኝም። በወንበሮቹ መሀል ወደ ፊት ተራመደች።

«‹የቤተሰባችን ልጅ ስትታመም አይቼ› ነው ያልሽው? ንገሪያቸው እንጂ ማን እንዳሳመማት። ዓምና ልክ በዚህ ሰሞን ‹እስቲ ምን እንደምትሆን እንይ› ብለሽ ድፎ ያጎረስሻት ማን ነው? ትንፋሽ ሲያጥራት አጠገቧ ቆመሽ ‹ዓይን ነው› ያልሽው ማን ነው? አየሽ አይደል ምን እንደሆነች? አሁን ደግሞ የሰው ልጆች ላይ ልታዪ መጣሽ?»

«ፍቅርተ፣ በናትሽ» አለች አስካለች።  «በማርያም፣ እኔ...»

«ማርያምን ተያት። ለእነሱ ንገሪያቸው።»

አንዲት እናት «አይ ጭካኔ!» አለች። ሌላዋ ፓኬቱን መሬት ላይ ወረወረችው። አስካለች በእጇ ፊቷን ሸፈነች። ፍቅርተ ትንፋሿን ሳበች፤ ከአንድ ዓመት ወዲህ እንዲህ እስከ ታች የገባላት ትንፋሽ አልነበረም።

ያኔ ነው ዳሲቱ የጮኸችው።

ጋዲሴ ሳህኑ የደረሳት ማይኩ ለአስካለች በተሰጠበት ሰዓት ነበር። እናቷ እንደ ሁሉም ሰው ዓይኗ ፊት ለፊት ነበር። ልጅቷ ሁለቱን በልታ ሦስተኛውን ይዛለች፤ አፏ ዙሪያው ቀልቶ፣ ጉንጯ ላይ እንደ ሳማ የነካው ሽፍታ ወጥቶ፣ አንገቷን በሁለት እጇ ትፍቃለች። ፍቅርተ ሮጣ ደረሰች። ጣቷን ከትታ የቀረውን ከአፏ አወጣች፣ ከእናቷ እጅ ነጥቃ አቀፈቻት፣ ድንኳኑን ጥሳ ወጣች፤ ዳሲቱ በአፋን ኦሮሞ ልጇን እየጠራች ተከተለቻት። ከግቢው ውጭ ያገኙት ባጃጅ ሠላሳ ብር ይሁን ሦስት መቶ ማንም አልጠየቀም። መንገዱን ሙሉ ፍቅርተ ጆሮዋን የልጅቷ ደረት ላይ አድርጋ አዳመጠች። ድምፁን ታውቀዋለች።

ጤና ጣቢያው ሲደርሱ ነርሷ መርፌ ወጋቻት። ኦክስጅን ሰጧት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፉጨቱ ቀነሰ፣ ከንፈሯ ግን እንዳበጠ ነበር። «በጊዜ ነው የደረሳችሁት» አለች ነርሷ። «እስከ ምሽት ድረስ እዚሁ እናያታለን። ምን በላች?» ፍቅርተ ነገረቻት። ነርሷ እየጻፈች ገባች።

ሁለቱ ሴቶች ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። የፍቅርተ ስልክ ሁለት ጊዜ ጠራ። አንዱ ሀብተሚካኤል ነበር፤ አላነሣችውም። ሁለተኛው የወይዘሮ ብዙወርቅ ነበር፤ አነሣችው። ርእሰ መምህርቷ የልጅቷን ደኅንነት ጠይቀው፣ ከደነገጡበት ገና ሳይመለሱ፣ «ከበዓሉ በኋላ ቢሮዬ ብቅ በይ፤ ማመልከቻሽን አይቼዋለሁ፣ መክሰሱን አንቺ ታቀርቢያለሽ» አሏት። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» አለች። የፈለገችው ሁሉ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሆኖላታል።

ዳሲቱ ስልኩ እስኪዘጋ ጠብቃ ነበር።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለች።

«ምኑን?»

«የወፍጮውን።»

«እዚያው ስትናገር» ማለት ይቻል ነበር። ጋሽ ለሜሳን ማን ይጠይቃል? ግን ፍቅርተ ለሰው መዋሸት እንደ ማባበል ስለሚመስላት አትወድም።

«ጠዋት።»

«ጠዋት ስንት ሰዓት?»

«አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ።»

ዳሲቱ ጣቶቿን እያጠፈች ቆየች፤ ከአንድ ተኩል ጀምሮ ስልክ ለመደወል የሚበቃ ስንት ሰዓት እንዳለፈ የምትቆጥር ትመስል ነበር።

«‹ትንሽ ጠብቂ› ያልሽኝ ለዚህ ነው?»

«እይዛታለሁ ብዬ ነበር እኮ። አጠገቧ ቆሜ እይዛታለሁ ብዬ...»

«አስካለች አላወቀችም ነበር» አለች ዳሲቱ።

«እሷን አታውቂያትም ዳሲቱ። ዓምና በእኔ ልጅ ላይ ያደረገችውን...»

«የአንቺን ልጅ አላልኩሽም። የእኔን ልጅ ነው የምልሽ። እሷ አላወቀችም ነበር።» እጇን ዘረጋች። «ጫማዋን ስጪኝ።»

ፍቅርተ የጋዲሴን አንድ እግር ጫማ ከባጃጁ ጀምራ ጨብጣ እንደያዘች ያወቀችው ያኔ ነው። ሰጠቻት። ዳሲቱ ጫማውን በጋዋኗ ጫፍ ጠረገችው፣ ተነሣች፣ ልጇ ወደተኛችበት ክፍል ገብታ በሩን ከውስጥ መለሰችው።